«በቆላ ምን ብርድ አለ?»

ዛሬ ረፋድ እዚህ መተማ፣ ገንዳ ውሃ ከተማ፣ ጎረቤቴ ቤት ስገባ አያቷ ያለ ጊዜዋ የተወለደችውን ሕፃን ራቁቷን አስተኝተው በካርቶን ያራግቡላታል። እግሯን ብነካው ቀዝቅዟል።

«እማማ፣ እናቷ ደረት ላይ ገላ ለገላ ትተኛ ተብሎ አልነበር ጤና ጣቢያ?» አልኋቸው።

«አንች ደግሞ! በቆላ ምን ብርድ አለ? እኛ እየቀለጥን!»

«እሷ ገና ስብ የላትም፤ ሙቀቷን መያዝ አትችልም። ተጠንቷል፣ አንብቤዋለሁ።»

«ያጠኑት ሰዎች መተማን መቼ አዩት?» ብለው ሳቁብኝ።

ለሰሊጥ እንኳ ዝናብ እንዳይነካው ሸራ የምናለብስ ሰዎች ነን እኮ፤ ለሕፃን ግን ነጠላ እንነፍጋለን!

ክርክሩን ትቼ ሕፃኗን እናቷ ደረት ላይ አስተኛኋትና በነጠላ ሸፈንኋቸው። እግሯ ሞቆ ጡት እስክትፈልግ ድረስ ከአጠገባቸው አልተነሣሁም።

የተናደድሁት በእማማ ብቻ አይደለም። በሰባት ወሯ የተወለደችውን ልጄን፣ በዚሁ አገር፣ እንዲሁ ራቁቷን አስተኝቼ በካርቶን ያራገብሁላት እኔ ነበርሁ። ስለዚህ ነገር ማንበብ የጀመርሁት ከቀበርኋት በኋላ ነው።

ነገም እሄዳለሁ። እናንተ ቤት «በቆላ ምን ብርድ አለ» ሲባል ምን ብላችሁ አሳመናችሁ? እባካችሁ ዛሬውኑ ጻፉልኝ፤ ስወጣ ካርቶኑ አሁንም እማማ እጅ ላይ ነበር።