የድጓ ተማሪው ድምፅ

ክተቱ የታወጀ ጊዜ ገብስ እያጨድን ነበር። ጭቃ ሹሙ ከማሳው ዳር ቆሞ፣ ከየቤቱ አንድ ሰው ከነጠመንጃው ይዘምታል ተብሏል፣ ብሎ ነገረን። አባቴ ጉልበቱን ታሞ በምርኩዝ ነው የሚሄደው፤ ከእኔ ሌላ ወንድ ልጅ የለውም። ስለዚህ ማን ይሂድ ተብሎ የተመከረ ነገር አልነበረም። አባቴ ማጭዱን ከእጄ ተቀበለኝና «ሂድ፣ ጠመንጃውን ወልውለው» አለኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ቀርቶኝ ነበር።

ከድጓ ተማሪው ጋር የተዋወቅነው የየአጥቢያው ዘማች ንፋስ መውጫ ላይ ሲሰበሰብ ነው። የእስቴ ልጅ ነው፤ እዚያው ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ከሚባለው ደብር፣ ከየኔታው እግር ሥር ስድስት ዓመት ድጓ ተምሯል። አባቱ በዚያው ሰሞን ስለሞተ የቤቱ ጠመንጃ በእሱ ላይ ወደቀ። አያያዙን አያውቅበትም። እንደ መቋሚያ ተደግፎት ሲቆም ሰው ሁሉ ሳቀበት።

«አንተ ደግሞ ሰው ልትገድል ነው?» አልሁት።

«እስኪ መጀመሪያ እንድረስ» አለኝ።

መድረሱ ራሱ ሥራ ሆነብን። ሳምንት በሳምንት ላይ እየደረብን ወደ ሰሜን ተጓዝን። ስንቃችን በሶ ነበር፤ መጀመሪያ ማሩ አለቀ፣ ቀጥሎ ጨው፣ ኋላ በሶው ራሱ። እሱ ግን እየሄደ ዜማውን በለሆሳስ ያወርዳል። «በየቀኑ ካልደገምሁት ይጠፋኛል» ይል ነበር። እኔ ማንበብ እንኳ አላውቅም፤ ሆኖም ዳገት ላይ እግሬ አልታዘዝ ሲለኝ በእሱ ዜማ ልክ እየረገጥሁ እወጣ ነበር። ዝም ያለ ቀን መንገዱ ይረዝምብኛል።

ጦርነቱን ንገረን የሚሉኝ ሰዎች ከእኔ የሚጠብቁት ሌላ ነው። እኔ ጠላት የተባለውን ሰው ፊት ለፊት ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ሞቶ ነበር። የቀረው ጊዜ ድንጋይ ሥር መተኛት፣ አይሮፕላኑ እስኪያልፍ መጠበቅ፣ መነሣት፣ ደግሞ መተኛት ነው። ሰው ፈርቶ ፈርቶ ፍርሃቱም እንደሚሰለቸው ያወቅሁት እዚያ ነው።

አንድ ረፋድ ላይ ውሃ የመቅዳት ተራው የኔ ነበር። እግሬ ውሃ ቋጥሮ ስለ ፈረጠ መርገጥ አቃተኝ። ተማሪው «ተቀመጥ» ብሎኝ ቅሉን አንሥቶ ወደ ምንጩ ወረደ። አይሮፕላን ሸንተረሩን ታክኮ መጣ። ቦምብ ይጥላል ብለን ስንጠብቅ እንደ ካፊያ ያለ ነገር ምንጩ ላይ ዘርቶ ሄደ። ሽታው ሰናፍጭ ሰናፍጭ ይላል። ተማሪው ቅሉን ሞልቶ ተመለሰ፤ ደኅና ይመስል ነበር። ልንጠጣ ስንል አንድ ሽማግሌ ዘማች «መርዝ ነው!» ብሎ ቅሉን በእግሩ መትቶ ደፋው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ የተማሪው ዓይን አብጦ ተከደነ፤ አንገቱና ክንዱ በእሳት እንደ ተለበለበ ሰው ተላጠ። ሲያስል ደም ያወጣ ነበር። ዓይኑ በሦስተኛው ቀን ተከፈተ። ድምፁ ግን አልተመለሰም። ሲናገር የሚሰማው ደረቅ ገለባ ሲረገጥ የሚሰማ ዓይነት ነገር ነው፤ እሱንም ጆሮውን ያስጠጋ ሰው ብቻ ይሰማዋል።

ጦሩ ሲፈታ ማንም ተመለሱ ብሎ አላዘዘንም። ሰው ሲሄድ አይተን ሄድን። እኔ ሁለቱን ጠመንጃ ተሸክሜ እሱ ትከሻዬን ይዞ፣ ተከዜን ተሻገርን። ትንሣኤ መንገድ ላይ አለፈን፤ የዋለበትን ቀን እንኳ ያወቅነው ካለፈ በኋላ ነው።

አገራችን ስንቃረብ የባሰው መጣ። ሴቶች መንገድ ዳር ወጥተው ይቆማሉ። «የኔን ልጅ አላያችሁም?» ነው ነገሩ ሁሉ። መጀመሪያ አላየንም እላለሁ። ጥቂት ቀን እንዲህ እያልሁ ከሄድሁ በኋላ ግን ቃሉ ከበደኝ። ጋይንት እንደ ገባን አንዲት እናት የልጇን መልክ፣ የግንባሩን ጠባሳ ሳይቀር ነገረችኝ።

«አይቼዋለሁ፣ እናቴ። ከኋላ እየመጣ ነው» አልኋት።

እልል አለች። ቆሎ በነጠላዋ ቋጥራ ሰጠችን። ጥቂት እንደ ሄድን ተማሪው ትከሻዬን ያዝ አድርጎ አቆመኝ።

«አይተኸዋል?» አለኝ በዚያ በተቃጠለ ጉሮሮው።

«አላየሁትም።»

«ነገም መንገድ ላይ ትቆማለች። ከነገ ወዲያም።»

«ደክሞኛል፣ ተወኝ» አልሁት። እውነቴን ነው፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ደክሞኝ አያውቅም።

ተወኝና ብቻውን ዳገቱን ተመልሶ ወጣ። በየአምስት እርምጃው እየቆመ ያስላል። ተከተልሁት። ሴትዮዋ ፊት ቆሞ ተናገረ፤ አልሰማችውም። ጎንበስ ብላ «ምን ይላል?» አለችኝ። እኔው መናገር ግድ ሆነብኝ። «ልጅሽን አላየነውም። ዋሽቼሽ ነው» አልሁ። ቆሎዋን መልሼ ዘረጋሁላት። አልተቀበለችኝም። እዚያው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች፤ እኛም አጠገቧ ቁጭ አልን። ጎረቤቶቿ እስኪመጡ ድረስ አልተነሣንም።

ቤተ ልሔም የደረስነው በዳግማይ ትንሣኤ ሰሞን ነው። የኔታ ከዛፍ ጥላ ሥር ዜማውን እየመሩ ተማሪዎቻቸውን ያስቀጽላሉ። ጓደኛዬ ጉልበታቸውን ሳመ። አተኩረው አዩትና ፊቱን በእጃቸው ዳብሰው «ተመስገን። እስኪ ካቆምህበት ቀጥል» አሉት፤ ልማዳቸው ነው። አፉን ከፈተ። ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ሌሎቹ ተማሪዎች ዜማቸውን አቆሙ።

«የኔታ፣ መርዝ ነው ያገኘው» አልሁ። «ውሃ የመውረዱ ተራ የኔ ነበር።» ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር።

የኔታ ወደ እኔ ዞር አላሉም። «እጅህስ?» አሉት እሱን። እጁን አሳያቸው። «ዓይንህስ?» አያለሁ ሲል ራሱን ነቀነቀ። «እንግዲያ ትጽፋለህ» አሉ። እንዳሉትም ሆነ። ድጓ መጻፍ የፊደል ጽሕፈት ብቻ አይደለም፤ ከፊደሉ በላይ የዜማው ምልክት በደቃቁ ይሰፍራል፤ ዜማውን በልቡ ያልያዘ ሰው ይሳሳትበታል። እስኪሞት ድረስ ሲጽፍ ኖረ። ሳገኘው አንድ ቀንም ስለ ምንጩ አንሥቶብኝ አያውቅም፤ እኔም እንዲያነሣው ስጠብቅ ዓመታት አለፉ።

ቤተ ልሔም በደረስንበት ዕለት ከእሱ ተለይቼ ቤቴ ገባሁ። እናቴ እግሬን አጥባ አስተኛችኝ፤ ስንት ቀን እንደ ተኛሁ አላውቅም። የእርሻ ወቅት ሲደርስ በሬዎቹን ጠምጄ ወጣሁ፤ አንድ ትልም ሳልጨርስ ግን እጄ ከእርፉ ላይ ወረደ። አላመመኝም፣ አላለቀስሁም፤ በልኩ የምረግጥበት ዜማ የጠፋኝ ያህል አፈሩ ላይ ተቀመጥሁ። በሬዎቹም ቆሙ። ያን ዓመት ማሳችንን ያረሰልን ጎረቤታችን ነው፤ እኔ ድንበሩ ላይ ተቀምጬ እያየሁት።