የአሰልጣኙ ሽማግሌዎች

ይህ የገጠመኝ አምና፣ ሊጉ ለእረፍት ተቋርጦ የከተማችን ቡድን ወደ ሐረር በተመለሰበት ሰሞን ነው። አልረሳውም፤ ምክንያቱም ሰው ላሰናብት ሄጄ የዚያው ሰው ሽማግሌ ሆኜ ተመለስኩ።

አስቀድሜ ላስረዳ። እኔ የደብረ ማርቆስ ልጅ ነኝ፤ ሐረር የመጣሁት ለማስተማር ተመድቤ ነው። የሊጉ ጨዋታዎች በተመረጡ ከተሞች በየተራ ስለሚካሄዱ፣ ቡድናችንን የምናየው ፈረስ መጋላ ባለች አንዲት ካፌ ውስጥ በቴሌቪዥን ነው። ዘመድ በሌለኝ ከተማ ወዳጅ ያፈራሁትም እዚያ ነው።

ቡድኑ ግን ሽንፈት ለመደ። ወራጅ ቀጠና ውስጥ ገባን። ጥፋቱ ሁሉ የዋናው አሰልጣኝ ሆነ።

«አቦ! እየተመራን ተከላካይ ያስገባል?» ይላል አንዱ። «ምኑን ሊከላከል ነው? ሽንፈቱን እንዳይወስዱብን ነው?»

እኔም አላረፍኩም። ስኒዎቹን ጠረጴዛው ላይ እየደረደርኩ የአሰላለፉን ስህተት በዝርዝር አብራራ ነበር። «አስተማሪው ክፍል ገባ!» እያሉ ይስቁብኛል።

ቡድኑ ሌላ ሽንፈት ተሸክሞ ለእረፍት ሲመለስ፣ የካፌው ወጣቶች አሰልጣኙ ደጃፍ ሄደው ሊጮኹበት ተነሱ። ያስቆሟቸው አው አብዱላሂ ናቸው። እሳቸው እዚያው አካባቢ ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጡ፣ ሁሉም «አው»፣ አባት እንደማለት ነው፣ እያለ የሚያከብራቸው ሽማግሌ ናቸው።

«ወላሂ አይሆንም!» አሉ። «እንግዳ ሰው ደጅ ላይ አይጮህም። ሽማግሌ ልከን በክብር ልቀቅልን እንበለው።»

ከካፌው ደንበኞች መካከል ጡረተኛውን ወታደር ጋሽ በቀለን መረጡ። ቀጥለው እኔን።

«እኔ እኮ ገና ሚስት እንኳ አላገባሁም» አልኳቸው።

«ሽምግልናው ከእኛ፣ ማስረዳቱ ካንተ» አሉኝ።

እሑድ ከሰዓት ሄድን። አሰልጣኙ ከግንቡ በሮች አንዱ ከሆነው ከፈላና በር ወዲያ በተከራየው ቤት ብቻውን ይኖር ነበር። በሩን ራሱ ከፈተልን። ማንነታችንን ስንነግረው ወንበር አቀረበ። እኛ ግን አልተቀመጥንም፤ ሽማግሌ ጉዳዩ እሺ ሳይባል አይቀመጥማ። የአው አብዱላሂ የታመመ ጉልበት ሲንቀጠቀጥ ይታየኛል።

ሦስት ነጥቦች አዘጋጅቼ ነበር። «አንደኛ፣ የአጥቂ መስመሩን በተመለከተ…» ብዬ ስጀምር አሰልጣኙ በቀስታ አቋረጠኝ።

«እንድለቅላችሁ ነው አይደል? እሺ። በደስታ እለቃለሁ። አሁን ተቀመጡልኝ።»

ተያየን። «እንዲህ ቶሎ እጅ የሚሰጥ ሰው አይቼ አላውቅም» አለ ጋሽ በቀለ በሹክሹክታ። አው አብዱላሂ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ተቀመጡ፤ እኛም ተከተልን።

አሰልጣኙ ግን አልተቀመጠም።

«አሁን የምቆመው እኔ ነኝ» አለ። «ባለቤቴ አርባ ምንጭ ናት። ነፍሰ ጡር ናት። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ አስወርዷታል። አሁን ሐኪሙ ከአልጋ አትነሺ ብሏታል፤ አጠገቧ ያለችው ትንሽ እህቷ ብቻ ናት። ልቀቁኝ ብዬ ቦርዱን ደጋግሜ ለመንኩ። ከሚቀጥለው ጨዋታ በኋላ ይሉኛል። ውል አለብኝ፤ ጥዬ ብጠፋ ሌላ ቡድን አይቀጥረኝም። አባባ፣ አገሬ ቢሆን ሽማግሌ እልክባቸው ነበር። እዚህ ማንን ልላክ?»

ቀጠለና «ቅያሬዬ ልክ አይደለም የምትሉትም እውነት ነው» አለ። «ሜዳ ዳር ቆሜ ልቤ እዚያ ነው።»

ሁለተኛውና ሦስተኛው ነጥቤ ከአፌ ጠፋ። ለካ እኛ ከውጭ ልንገፋው የመጣነውን በር እሱ ከውስጥ ሆኖ ሲያንኳኳ ነበር።

አው አብዱላሂ ትከሻዬን ተደግፈው ተነሱ። «በቃ፤ ከእንግዲህ የላከን አንተ ነህ» አሉት።

በማግስቱ የቦርዱ ሰብሳቢ ቢሮ ሄድን። ሰብሳቢው ፈጥኖ ወንበር ሳበ። አው አብዱላሂ እምቢ አሉ።

«አባባ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ይቀመጡ! ሰው ቢያይ ምን ይለኛል?»

«ልጁን ልቀቀውና እቀመጣለሁ።»

«ተተኪ እስክናገኝ ብቻ…»

«እንግዲያው እስክታገኙ እቆማለሁ።»

እኔ ማስረዳት ጀመርኩ። «አንደኛ፣ ሴትዮዋ ብቻዋን ናት። ሁለተኛ…» ስል አው አብዱላሂን ጉልበታቸው ከዳቸው፤ እኔና ጋሽ በቀለ ግራና ቀኝ ደገፍናቸው። እንደዚያም ሆነው አልተቀመጡም።

ሰብሳቢው ግንባሩን ያዘ። «እሺ! ይሂድ! ምክትሉ ይያዘው። አሁን ግን ተቀመጡልኝ!»

አሰልጣኙ ሲሄድ የሸኙት እነዚያ ሊጮኹበት የነበሩት ወጣቶች ናቸው። ሻንጣውን አውቶቡሱ ላይ ጫኑለት። አንዱ በመስኮት «አቦ አሰልጣኝ፣ መንገድ ላይ ሹፌሩን እንዳትቀይረው!» ሲለው ሳቀ። ሲስቅ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ከዚያ አው አብዱላሂን ደግፌ ኤረር በር ወዳለው ቤታቸው አደረስኳቸው። መንገድ ላይ ጠየቁኝ።

«አንተስ ልጄ? አንድ ቀን ጉዳይ ቢገጥምህ ማንን ትልካለህ?»

«እዚህ ዘመድ የለኝም አባባ። ከደብረ ማርቆስ ማስመጣት ነው።»

ቆም አሉ። ተቆጡ መሰለኝ። ጉልበታቸውን በእጃቸው መታ አድርገው «ታዲያ ይሄ ጉልበት ለማን የቀረ መሰለህ?» አሉኝ።

ከሁለት ወር በኋላ አሰልጣኙ ለአው አብዱላሂ ደወለላቸው። ሴት ልጅ በሰላም ተወልዳለች። ካፌው ውስጥ ጎል የገባ ይመስል ተጮኸ፤ በዚያ ሰሞን የጮህንበት ጎል ብዙም አልነበረም።

ቡድኑ በምክትሉም እጅ መሸነፉን አልተወም። እኔም ስኒ መደርደሬን፣ መጮሄንም አልተውኩም። የተውኩት አንድ ነገር ነው፤ ሐረር ዘመድ የለኝም ማለት።