ጀልባ ቀዛፊው ምን አለ?

እኔ ከመወለዴ በፊት የተሠራ ካልሆነ ፊልም አይጥመኝም። የዛሬዎቹን ከፍቼ ዐሥር ደቂቃ ሳልቆይ እንቅልፌ ይመጣል። መኪና ይጋጫል፣ ሕንፃ ይፈነዳል፣ እኔ አንኮራፋለሁ። ጥቁርና ነጭ ከሆነ ግን፣ ምስሉ እየተጫጫረም ቢሆን፣ ድምፁ እየተቆራረጠም ቢሆን፣ ቁጭ ብዬ ነው የምጨርሰው። የምሠራው ልደታ ፍርድ ቤቱ አካባቢ ካሉት ጠባብ ሱቆች በአንዷ ነው፤ ለባለጉዳይ ማመልከቻና ክስ እጽፋለሁ። ምሳ ሰዓት ላይ ሰው ሲሳሳ ስልኬን ኮምፒውተሩ ላይ አስደግፌ አሮጌ የህንድ ፊልም እከፍታለሁ። አብራኝ የምትሠራው፣ ፎቶ ኮፒ የምታነሳው ልጅ፣ በየቀኑ አንድ ዓይነት ነገር ትለኛለች።

«አንቺ እኮ የምታዪው ሬሳ ነው። ከእነዚህ ውስጥ ዛሬ በሕይወት ያለ አንድ ሰው ጥሪልኝ።»

«ለዚህ እኮ ነው የምወዳቸው» እላታለሁ፤ «ሁለተኛ አይሞቱም።»

በሽታው የተጋባብኝ ከአባቴ ነው። አባባ በልጅነቱ ከጉራጌ አገር መጥቶ ጌጃ ሰፈር ልብስ ሰፊ የሆነ ሰው ነበር። «አንተ» ነበር የምንለው፤ «አንቱ ለሩቅ ሰው ነው» ይል ነበር። ሳያገባ፣ ገና ጎረምሳ ሳለ፣ እሁድ እሁድ ሲኒማ ቤት ይገባል። አንዱን የህንድ ፊልም ሰባት ጊዜ አይቶታል። ቋንቋውን አያውቅም፤ ከሥር የሚጻፈውን እንግሊዝኛም ማንበብ አይችልም። ግን ለእኔና ለታላቅ ወንድሜ ሲተርክልን ከአፉ አንዲት ቃል አትወድቅም ነበር። እግሩ የስፌት መኪናው ላይ ሆኖ ነው የሚነግረን። ዝናብ የሚዘንብበት ቦታ ሲደርስ ጨርቁን ያወጣና መኪናውን ባዶውን ይረግጠዋል፤ ያ ዝናቡ ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አንድ ሽማግሌ ወንዝ ዳር ይኖራል፤ ሥራው ሰውን በጀልባ ማሻገር ነው። አንድ ልጅ አለው። ልጁ ከተማ ገብቶ ይጠፋል፤ እናቱ ስሙን እየጠራች ትሞታለች። ከብዙ ዓመት በኋላ በዝናብ ይመጣና ከወንዙ ማዶ ቆሞ «አሻግሩኝ» ብሎ ይጣራል። ሽማግሌው የማን ድምፅ እንደሆነ ሳያውቅ እየቀዘፈ ይሄዳል። ሲደርስ የልጁን ፊት በሁለት እጁ ይይዝና አንዲት ነገር ይናገራል። ፊልሙ እዚያ ላይ ያልቃል።

እዚህ ጋ አባባ መኪናውን ያቆማል። «ይቅር ብዬሃለሁ ልጄ፣ ግባ፣ ይለዋል» ይለናል፣ የሽማግሌውን ድምፅ አስመስሎ። ወንድሜ ይህን ሲሰማ ሁልጊዜ በረጅሙ ይተነፍስ ነበር። እኔ እስቅበታለሁ። «ዛሬ ሌላ ነገር የሚል መስሎህ ነው?» እለዋለሁ። ስንት ጊዜ የሰማውን ታሪክ ለምን እንደዚያ ተጨንቆ እንደሚያዳምጥ አይገባኝም ነበር።

እማዬ የሞተችው የድሮው ቤታችን ፈርሶ እዚያው ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ከገባን በኋላ ነው። ወንድሜ ያኔ አዳማ ይኖራል፤ የጭነት መኪና ይነዳል። እኛ ዘንድ መቼም መርዶ በስልክ አይነገርም። «ትንሽ አሟታል፣ ና» ነው የሚባለው፤ የሚገባው ይገባዋል፣ መንገድ ላይ አልቅሶ ይጨርሳል። ችግሩ እማዬ ከዚያ በፊት በእውነት ትታመም ነበር። ስኳሯ ከፍ ባለ ቁጥር እኔ ደንግጬ «አሟታል፣ ና» ብዬ እደውላለሁ፣ እሱ የጫነውን ለሰው ሰጥቶ ይበራል፣ ሲደርስ ተቀምጣ ሽሮዋን ስትበላ ያገኛታል። ሦስት ጊዜ እንዲህ ሆነ። በሦስተኛው «አንቺ ልጅ፣ ከእሷ በፊት እኔን ነው የምትገድዪኝ» ብሎኝ ስቆ ሄደ።

በአራተኛው ስደውል እማዬ ጓዳ ውስጥ ተገንዛ ነበር። ከአፌ የወጣው ግን ያው ነው። «ትንሽ አሟታል፣ ና።»

«እሺ፣ እሁድ እመጣለሁ» አለኝ። ሐሙስ ነበር።

«ሞታለች» ማለት አቃተኝ። ስልኩን ዘጋሁና ዘመዶች ሲጠይቁኝ «ነግሬዋለሁ» አልኳቸው። ይመጣል እየተባለ ተጠበቀ፤ በኋላ ሲደወልለት ስልኩ ዝግ ነው። ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀበርናት።

እሁድ መጣ። በፌስታል ብርቱካን ይዟል፣ ለታመመች እናት። ሕንፃው ሥር የተተከለውን ድንኳን ሲያይ የሌላ ሰው መስሎት ወደ ደረጃው ሊያልፍ ነበር። ኮንዶሚኒየም አይደል፤ ከሃምሳ ቤት የማንኛው ሐዘን እንደሆነ በምን ይታወቃል። አባባ ከውስጥ አየው። ተነሥቶ ድንኳኑ በር ላይ ቆመ።

«የሁለት ሰዓት መንገድ ነው» አለ። «እናትህን ለመቅበር ሁለት ሰዓት አጣህ?» ከዚያ ወደ እድሩ ሽማግሌዎች ዞረ። «እኔ ስሞት ይህ ሰው ቀብሬ ላይ አይቁም። ቃሌ ነው፣ ሰምታችኋል።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ። እኔ የንፍሮ ሰሃን እንደያዝኩ እዚያው ቆሜ ነበር። «ሞታለች አላልኩትም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» ብዬ መናገር እችል ነበር። አልተናገርኩም። አባባ ፊቱን ወደ እኔ እንዳያዞር ፈራሁ፣ በቃ ይኸው ነው። ወንድሜም እኔን ከሰው ፊት አላጋለጠኝም። ፌስታሉን ወንበር ላይ አስቀምጦ ሄደ።

ስድስት ዓመት አለፈ። ወንድሜ ለእኔ ይደውላል፤ «አባባ ደኅና ነው?» ይለኛል፣ «ደኅና ነው» እለዋለሁ፣ ሌላ ነገር አናነሣም። አባባ እየደከመ ሄደ። ዓይኑን ሞራ ጋረደው፣ ልቡ ደከመ፣ እግሩ አበጠ። አራት ፎቅ መውረድ የማይታሰብ ሆነ። ባለፈው ክረምት ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ «እቤት ይሁኑ፣ የወደዱትን ስጧቸው» አለኝ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ቃሉን ሳያነሣ ሊሞት ነው ማለት ነው። ወንድሜ በእኔ ምላስ ምክንያት እናቱን ሳይቀብር ቀርቷል፤ አሁን ደግሞ አባቱንም ሳይቀብር ሊቀር ነው።

የወደዱትን ስጧቸው መባሉ ነው ፊልሙን ያስታወሰኝ። አባባ የፊልሙን ስም እንደ ልቡ ስለሚያጣምመው ዓመታት ፈልጌ አጥቼው ነበር። በዚያ ሳምንት ስሙን ትቼ ታሪኩን ጽፌ ስፈልግ ወጣልኝ፤ ከሥሩ የእንግሊዝኛ ትርጉም ያለው። ዕቅዴ ቀላል ነበር። ሽማግሌው ይቅር ሲል አነብለታለሁ፣ አንጀቱን ይበላዋል፣ ያኔ የወንድሜን ነገር አነሣለሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አልጋው አጠገብ ቁጭ ብዬ በስልኬ ከፈትኩለት። እውነት ለመናገር ከዚያ ቀን በላይ ፊልም አጣጥሜ አላውቅም። አባባ አያይም፤ ሙዚቃውን ሰምቶ ግን «አሁን ልጁ ቦርሳውን አንሥቷል»፣ «አሁን እናትየው በር ላይ ናት» ይለኛል፣ ደግሞም ልክ ነው። ላነብለት ስሞክር «ተይው፣ አውቀዋለሁ» አለኝ። ዝናቡ ሲመጣ ያበጠ እግሩ ብርድ ልብሱ ውስጥ መንቀሳቀስ ጀመረ። መኪናውን እየረገጠ ነው። እኔም ያ የልጅነታችን ክፍል ትዝ ብሎኝ እየሳቅኩ እንባዬ መጣ።

ሽማግሌው እየቀዘፈ ደረሰ። የልጁን ፊት በሁለት እጁ ያዘ፣ በአውራ ጣቱ ዝናቡን ከዓይኑ ላይ ጠረገለት፣ ትክ ብሎ አየው። ተናገረ። ከሥር ያለው ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «ተሳስተሃል። እኔ ልጅ የለኝም።»

ፊቱን የያዘው ይቅር ሊለው አይደለም። አጣርቶ አይቶ ሊክደው ነው።

የአባባ እግር ቆመ። «ምን አለ?» አለኝ።

እኔ የሰውን ቃል እንደ ቃሉ እየጻፍኩ እንጀራ የምበላ ሰው ነኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ «ይቅር ብዬሃለሁ ልጄ፣ ግባ፣ አለው» አልኩት።

አባባ ሳቀ። ከስንት ጊዜ በኋላ ነው የሳቀው። «አይ ውሸታም» አለኝ። «ያን ጊዜ ጨርቅ የምገዛው ከአንድ ህንዳዊ ነጋዴ ነበር። ምን እንደሚል ጠይቄው ነግሮኛል። እኔም መጀመሪያ የነገርኳችሁ እንደዚያው ነው። አንቺ ሕፃን ነሽ፣ አታስታውሺም። ወንድምሽ ግን መኪናው ሥር ገብቶ እግሬን ይዞ አለቀሰ፤ መርገጥ ከለከለኝ። ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም። በሦስተኛው ቀን ረስቼው ነው፣ እንዲህ ነው የሚለው ብዬ ቀየርኩለት።»

ከዚህ የተሻለ በር አይከፈትልኝም። «ታዲያ አባባ፣ ያኔ ለእሱ ብለህ ከቀየርከው አሁንም ቀይርለት» አልኩት።

«ያ ፊልም ነው» አለኝ።

የቀረኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ስድስት ዓመት የዋጥኩት። ተናገርኩት። ሞታለች እንዳላልኩት፣ አሟታል ብቻ እንዳልኩት፣ ድንኳኑ በር ላይ ሰሃን ይዤ ዝም እንዳልኩ፣ አንድም ሳላስቀር። አባባ የተጋረደ ዓይኑን ወደ ድምፄ አዞረ።

«ይህን ይዘሽ ነው ከእኔ ጋር ስድስት ዓመት የበላሽው?» አለኝ።

«ይቅር በለኝ አባባ። ግን እሱ አያውቅም ነበር።»

«እናትህ ታማለች ሲባልስ አይመጣም?»

«ሦስት ጊዜ መጥቶ አይደለም እንዴ?»

«አራተኛም ይመጣል። ልጅ ነዋ።»

ፍንክች አላለም። ስልኬን ዘጋሁት። ከዚያ በኋላ ዐሥራ አንድ ቀን ኖረ። በየቀኑ አንድ ቃል ይለኝ እንደሆነ እያልኩ አጠገቡ ተቀመጥኩ፤ የወንድሜን ስም እንኳ አላነሣም። በመጨረሻው ጠዋት «ውሃ» አለኝ። ሰጠሁት። ብርጭቆውን ሳላስቀምጥ ሞተ።

ስልኩን አነሣሁ። «አባባ ሞቷል። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ነው ቀብሩ» አልኩት። አክስቴ «መርዶ እንዲህ ይነገራል?» ብላ ስልኩን ልትነጥቀኝ ደረሰች። የወንድሜ መኪና ሞተር ይሰማኛል።

«ቃሉስ?» አለኝ በመጨረሻ።

«ና» አልኩት።

ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ስንደርስ ቀድሞን ደርሶ ነበር፤ ከአጥሩ ውጭ ከለማኞቹ ጎን ቆሟል። የእድሩ ዳኛ ወደ ጎን ጠሩኝ። ጨዋ ሰው ናቸው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ቃሉ የተነገረው እኛ ፊት ነው። አባትሽ አንሥቶታል? ካላነሣው ልጁ ከደጅ ይሸኝ።»

«አንሥቷል።»

«ምን ብሎ?»

ወንድሜ እየሰማ ነው። የአባባ ሳጥን ከእኔ ሁለት እርምጃ ይርቃል። «ይቅር ብዬዋለሁ፣ ይግባ፣ ብሏል» አልኩ።

ዳኛው ባርኔጣቸውን አውልቀው በእጃቸው ጠሩት። ወንድሜ ገባ፤ ከተሸካሚዎቹ አንዱን ተክቶ የሳጥኑን ጫፍ ያዘ። ሬሳው ፊት ቆሜ በአባቴ ላይ ዋሸሁ። ያኔም ሆነ አሁን ይቅር ይለኛል ብዬ ራሴን አላታልልም፤ ይቅር የሚል ሰው እንዳልነበረ በዓይኔ አይቻለሁ።

ስንመለስ ጎን ለጎን ነበር የምንሄደው። ሕንፃው አጠገብ ስንደርስ ወንድሜ ወደ መሬት እያየ ተናገረ።

«ጀልባ ቀዛፊው እንደዚያ አላለም» አለኝ። «የመጀመሪያውን አልረሳሁትም። አባባ በተረከልን ቁጥር ዛሬ ወደዚያኛው ይመልሰው ይሆን እያልኩ ነበር የምፈራው።»

«አውቃለሁ» አልኩት። «ነግሮኛል።»

«አባባስ በእውነት ምን አለ?»

«‹ውሃ› አለ።»

ራሱን ነቀነቀ። ድንኳኑ በር ላይ ጎረቤታችን ማስታጠቢያ ይዛ ከቀብር የተመለሰውን ሰው እጅ ታስታጥባለች። ተራችን ሲደርስ እጃችንን ዘረጋን፣ ታጠብን። ወንድሜ ግን በሩ ላይ ቆሞ ቀረ፤ ያኔ አባባ የቆመበት ቦታ ነው።

«ግባ» አልኩት።