ተሰቅሎ የሚሠራ ማርሽ

የእኛ ሰፈር ብስክሌት ጠጋኝ «ጋሽ ቀስ በሉ» ይባላሉ። የወጣላቸው ስም ሌላ ነው፤ ግን ማርሽ በግድ ለሚጎትት ሰው ሁሉ «ቀስ በሉ እንጂ! ብረትም ይከፋዋል» ሲሉ ኖረው ቃሉ ተለጠፈባቸው። ሱቃቸው ዳገቱ ሥር ናት፤ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ ይቆማል። ከጣሪያው እንጨት ላይ ገመድ ይወርዳል። የተበላሸ ብስክሌት ሲመጣ እዚያ ላይ ይንጠለጠልና የኋላ ጎማው አየር ላይ እየተሽከረከረ ይመረመራል።

ዳገቱ ደግሞ የሥራው ግማሽ ነበር። ጋሽ ቀስ በሉ ያበጁትን ብስክሌት ራሳቸው ሳይነዱ ለሰው አስረክበው አያውቁም ነበር። እስከ መታጠፊያው ወጥተው፣ ማርሹን አንድ በአንድ ቀይረው፣ ሲያምኑት ብቻ ይሰጡ ነበር።

የቀኝ ጉልበታቸው ከከዳቸው ወዲህ ግን ይህ ቀረ። ፔዳል ሲረግጡ ጉልበታቸው ውስጥ ብርጭቆ የሚሰበር ይመስላቸዋል። ከባለቤታቸው በቀር ይህን የሚያውቅ አልነበረም። ብስክሌት መንዳት የማይችል ብስክሌት ሠሪ! ይህ ከተሰማ ደንበኛው ሁሉ ወደ ታችኛው ጠጋኝ ሱቅ ይጎርፋል፣ ሱቃቸውም ይዘጋል ብለው ፈሩ። ስለዚህ ሙሉ ቀን ቆመው ይውላሉ፤ ሰው ካለ አያነክሱም። ቤት ሲገቡ ጫማቸውን እንኳ የሚያወልቁላቸው ባለቤታቸው ናቸው።

«አንተ ሰውዬ፣ ለማን ብለህ ነው እንዲህ የምትሆነው?»

«ለደንበኛ።»

«ደንበኛ እግርህን አያሽልህም።»

«አንቺ እያለሽ ማን ይደፍራል?» ይሉና ሳቃቸውን ሳይጨርሱ እዚያው ወንበር ላይ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል።

እንዲህ እያሉ ሳለ አንዲት አዋላጅ ወፍራም ጎማ ያለውን የተራራ ብስክሌቷን ይዛ መጣች። የምትሠራበት ጤና ጣቢያ ዳገቱ አናት ላይ ነው። የኋላ ማርሹ ሲቀየር ይዘገይባታል። ጋሽ ቀስ በሉ የማርሹ ሽቦ ዝጎ፣ ሰንሰለቱም አርጅቶ ረግቦ አገኙትና ሁለቱንም በአዲስ ቀየሩ። ሰቅለው ሲያሽከረክሩት ማርሹ እንደ ሰዓት ሄደ። ሰጧት።

ተመልሳ መጣች። «ጋሼ፣ ዳገት ላይ ስረግጠው ይዘላል።»

«አዲስ ሽቦ መጀመሪያ ላይ ይለጠጣል፤ ያለ ነገር ነው» አሉና ማስተካከያውን ትንሽ አጠበቁ። ሰቀሉት፣ አሽከረከሩት፣ እንደገና ሰጧት።

በሦስተኛው ብስክሌቷን እየገፋች መጣች። መዳፏ ተልጧል፤ ሱሪዋ ጉልበቷ ላይ ተቀዷል።

«ጋሼ፣ ዛሬስ ሊገድሉኝ ነበር! ዳገቱ መሀል ቆሜ ስረግጥ ሰንሰለቱ ቀጭ አለና እግሬ ባዶ ላይ ወረደ። ከኋላዬ የነበረው ሹፌር ፍሬን ባይዝ ኖሮ ጤና ጣቢያ የምገባው በአልጋ ነበር።»

ጋሽ ቀስ በሉ ደነገጡ። ብስክሌቱን ሰቀሉና ማርሹን ወደ ላይም ወደ ታችም ቀያየሩት። እንከን የለበትም።

«አየሽ? ምንም የለውም።»

«እዚህማ ምን ይኖረዋል! እኔ ግን ሥራ የምሄደው ገመድ ላይ ተንጠልጥዬ አይደለም።» ከዚያ ድምጿን ቀነስ አደረገች። «ድሮ እርስዎ ራስዎ ይነዱት አልነበር? አንዴ ዳገቱን ወጥተው ይዩልኝ።»

ካቻቪቴውን በጨርቅ ጠረጉ። ንጹሕ ነበር፤ እንደገና ጠረጉት። «ዛሬ ሥራ በዝቶብኛል።»

ሱቁ ውስጥ ከእሷ ብስክሌት ሌላ ሥራ አልነበረም። አዋላጇ ዞር ዞር ብላ አየች። «እንግዲያው አይቀየሙኝ ጋሼ፤ ወደ ታችኛው ሱቅ እወስደዋለሁ» አለችና ገመዱን መፍታት ጀመረች።

ዝም ቢሏት ትሄድ ነበር፤ ምስጢራቸውም አብሯቸው ይቆይ ነበር። ግን የታችኛው ሱቅ ሰውዬም እንደሳቸው ሰቅሎ፣ አሽከርክሮ፣ «ምንም የለውም» ቢላትስ? የተላጠ መዳፏን አዩ።

«ቆይ ልጄ» አሉ። «መንዳት አልችልም። ጉልበቴ አልቋል። ካመመኝ ወዲህ አንዱንም ብስክሌት አልነዳሁም፤ ያንቺንም ጭምር።»

አዋላጇ ገመዱን ለቀቀች። «ታዲያ ቀድመው ቢነግሩኝ እኔው ነድቼ አላሳይዎትም ነበር? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰሙም?»

«የኔማ ለሰውም ተረፈ» አሉ፣ መዳፏን እያዩ።

ተያይዘው ወጡ። እሷ ተቀመጠች፤ እሳቸው ከኋላ ኮርቻውን ያዙ። «ርገጪ። እኔ ወደ ኋላ እይዝሻለሁ፤ እንዲከብደው።» ዳገቱን እያነከሱ ተከተሏት። ዓይናቸው ሰንሰለቱ የሚያርፍበት የኋላ ማርሽ ጥርስ ላይ ነው። ጎንበስ ማለቱ ወገባቸውን፣ መራመዱ ጉልበታቸውን ጨረሰው።

የመንገድ ዳር አትክልት ሻጯ ከት ብላ ሳቀች። «ጋሽ ቀስ በሉ! ይቺን የምታክል ሴት ገና ዛሬ ነው ብስክሌት የሚያለማምዱት?»

«ጡረታ ሳትወጣ ልድረስላት ብዬ ነው!» አሉ፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ።

ወዲያው ቀጭ አለ። በዓይናቸው አዩት፤ ሰንሰለቱ ጥርሶቹ መሀል በመግባት ፈንታ ጫፋቸው ላይ ወጥቶ ዘለለ። ጥርሶቹ እንደ ድመት ጥፍር ቀጥነው ጎብጠዋል።

«ውረጂ! ሽቦው አይደለም። አዲስ ሰንሰለት ባለቀ ጥርስ ላይ ጭኜብሽ ነው። ሲሰቀሉ ሸክም ስለሌለባቸው ይስማማሉ፤ ሸክም ሲመጣ ይጣላሉ።»

«እንደ ባልና ሚስት በሉኛ!»

ሱቅ ተመልሰው፣ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ስብርባሪ ብስክሌት ገና ያልተበሉ የኋላ ጥርሶች አወጡ። ያረጀው አልፈታም ብሎ አሠቃያቸው፤ እሷ ጎማውን ይዛ፣ እሳቸው ቁልፉን ተደግፈው ተፈታ። አዲሱን አስረው እንደገና ወደ ዳገቱ ወጡ። ወደ ኋላ ይዘዋት በየማርሹ ረገጠች። አንዴም አልዘለለም። በመጨረሻ ኮርቻውን ለቀቁላት። ቆማ እየረገጠች ወጣች፤ መታጠፊያው ላይ እጇን አውለበለበችና ወደ ሥራዋ ሄደች።

ጋሽ ቀስ በሉ መመለስ አቅቷቸው መንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። አትክልት ሻጯ መጣች። «እግርዎ ምን ሆነ?»

መዋሸትም ጉልበት ይጠይቃል። ነገሯት።

ለእሷ መንገር ለሰፈር መንገር ነው። ከሰዓት በኋላ ያልሰማ አልነበረም። ወደ ታችኛው ሱቅ የሄደ ግን የለም፤ ደንበኛው አልቀነሰም፣ መካሪው በዛ እንጂ። አንዱ ይጠቅልሉት ይላል፤ አንዱ እንዳይጠቀልሉት። አንዷ ሙቅ ውሃ፣ ሌላዋ በረዶ። ባለቤታቸው ወንበር አምጥተው ደጁ ላይ አኖሩላቸው። «ስቀመጥ ሰው ምን ይላል?» ሲሏቸው «ተቀመጠ ይላል» አሉ።

አሁን ብስክሌት ሲያበጁ ለባለቤቱ ይሰጡና «አንተው ንዳው፤ እኔ ከዚህ አያለሁ» ይላሉ። ሰውየው ወጥቶ እስኪወርድ አንዳንዴ አሸልበው ይገኛሉ።

«ጋሼ፣ ይሠራል።»

«ዳገቱ ላይ ረግጠኸዋል?»

«ረግጬዋለሁ።»

«አልዘለለም?»

«አልዘለለም።»

«ተመስገን» ይሉና ዓይናቸውን መልሰው ይከድናሉ።