በቅሬያችን ጎላ የተቀቀለው

ነገሩ ከሆነ ዓመት አልፎታል። እኔ ግን ዛሬም ለቅሶ ቤት ገብቼ ጉልቻ ላይ የተጣደ ትልቅ ድስት ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ከሰው ጋር ተጣልቼ ብዙ የምቆይ ሴት አይደለሁም። ይህን ግን አልረሳውም፤ መርሳትም አልፈልግም።

የምኖረው ቆቦ ነው። የሰፈራችን ቅሬ፣ እድሩ ማለቴ ነው፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ የሚቀባበርበት ነው፤ ዕቃው የሚቀመጠው ደግሞ እኔ ቤት ነው። ሳህኑ፣ ወንበሩ፣ ድንኳኑ፣ ከሁሉም በላይ ሦስቱ ጎላ ድስቶች። ሦስቱም አንድ ቀን የተገዙ ስለሆኑ እኔ እንኳ ለይቼ አላውቃቸውም። ሕጋችን አጭር ነው። ጎላ ከቤቴ የሚወጣው ለለቅሶ፣ ለሠርግ፣ ለሰደቃ ወይም ለዝክር ብቻ ነው።

ከጓሮዬ ጀርባ የሚኖረው አያ ይማም አንድ ቀን መጥቶ «ዘሀራ፣ ለናቴ ገጠር ሰደቃ ላወጣ ነው፤ አንዱን ጎላ ስጭኝ» አለኝ። አላህ ይቀበልህ ብዬ ሰጠሁት። በሦስተኛው ቀን መለሰው። ውስጡ ያበራል። የቅሬ ዕቃ ስቀበል ስንት ዓመቴ ነው፤ ከነቅባቱ የሚመልስልኝ ነው የሚበዛው። ተደንቄ ሚስቱን መረቅኩለት። እሱም አሜን አለ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ጎረቤታችን አረፉ። ከሮቢትና ከዋጃ ብዙ ለቀስተኛ ስለሚመጣ ሦስቱንም ጎላ አወጣን። ሁላችንም እንድንበላው ምስር ወጥ ተሠራ። ወጡ ሊወጣ ሲል ጭልፋ አነሰንና ልዋስ አያ ይማም ቤት ሄድኩ።

ሚስቱ ግቢው ውስጥ ጆንያ ዘርግታ የጥይት ቀለሃ በጨርቅ ትወለውላለች። በጦርነቱ ጊዜ ማሽላ ማሳ ውስጥ እንደ ጠጠር ተበትኖ የቀረው፣ ጭቃ ውስጥ ከርሞ የጠቆረው ባዶ ቀለሃ ነው። አሁን ግን ወርቅ መስሏል።

«ይኼ እንዴት እንዲህ ጠራ?» አልኳት።

«በሎሚና በዱቄት ሳሙና ቀቅሎት ነዋ» አለችኝ፣ ምንም ሳትደብቅ። «እንደገና ባሩድ ለሚሞላ ሰው ነው የሚሰጠው። ካልጠራ አይቀበልም። ጎላውን የወሰደው ለሱ አይደል እንዴ? ውሃው እንዴት እንደጠቆረ ብታይ! የደፋንበት የቃሪያ መደብ እንዳለ ደረቀ።»

ጭልፋውን ትቼ ሮጥኩ። ባሩድና እርሳስ የተቀቀለበት ድስት! ስንት ሕፃን ነው ሳህን ይዞ የሚጠብቀው! እንደደረስኩ «ማንም እንዳይነካ! አንዱ ጎላ ቀለሃ የተቀቀለበት ነው፤ የትኛው እንደሆነ አላውቅም፤ ሦስቱም ይደፋ!» ብዬ ጮህኩ።

የቅሬው ዳኛ ጋሽ መኮንን ደነገጡ። «ዘሀራ፣ ይኼ ሁሉ ለቀስተኛ ጾሙን ይመለስ ነው የምትይው? ሬሳ በወጣበት ቤት ሰው አታሳፍሪ» አሉኝ። አያ ይማም እዚያው ወንዶቹ መሀል ተቀምጧል። ፈገግ ብሎ «አዎ፣ ቀቅያለሁ» አለ። «ግን አጥቤዋለሁ። እሳት የነካው ነገር ምን ይሆናል? ይኼ የሴት ወሬ ነው።»

የሴት ወሬ ሲል ነው የባሰብኝ። ሦስት ሳህን አንስቼ እፊቱ ከተጣዱት ጎላዎች አንድ አንድ ጭልፋ አወጣሁ። «እንግዲያውስ አንተ ቅመስልን» አልኩት።

ፊቱ ሳይለወጥ ከመጀመሪያው በላ። ከሁለተኛውም በላ። ሦስተኛውን ሳቀርብለት ሳህኑን አላየም፤ የተጨለፈበትን ጎላ ጆሮ ነው ያየው። ከዚያ እጁን ሰበሰበ።

«በቃኝ፤ ጠግቤያለሁ» አለ።

ጋሽ መኮንን ተነስተው ወደ ጎላው ሄዱና ጎንበስ ብለው አዩት። ጆሮው ላይ በሚስማር የተጫረች ትንሽ መስመር አለች። ሌሎቹ ላይ የለችም።

ያን ወጥ ጉድጓድ ቆፍረን ደፋነው። ጎላውን ጋሽ መኮንን ራሳቸው በመጥረቢያ በሱት። ከሁለቱ የቀረውን ምስር አቅጥነን ለቀስተኛውን ሸኘን። ሽማግሌዎቹም አያ ይማም ጎላ እንዲተካ ፈርደውበት ነገሩ አለቀ ተባለ።

ለኔ አላለቀም። ሳያውቅ አድርጎት ቢሆን ይቅር እለው ነበር። እሱ ግን ያውቅ ነበር። አንድ ቀን ድግስ ወይም ለቅሶ ቤቱ ቢመጣ የራሱ ልጆች ከዚያ ጎላ እንዳይበሉ ምልክት አድርጎበታል። የኛ ልጆች ሊበሉበት ምስሩ ሲጣድ ግን ቁጭ ብሎ ያይ ነበር! በሞተች እናቱ ስም ዋሽቶ መውሰዱስ? ያን ቀን የመረቅኩትን ምርቃት ብችል መልሼ እወስደው ነበር።

አሁን ጎላ የሚመልስ ሰው ደጄ ላይ ውሃ አፍልቶበት አንድ ብርጭቆ ካልጠጣ አልቀበለውም። አንዳንዱ ይስቅብኛል፣ አንዳንዱ ክፉ ሴት ይለኛል። ይበሉኝ። አያ ይማም አዲሱን ጎላ ያመጣ ቀን፣ ገና ከሱቅ መውጣቱ ነው እያለ ቢምልም፣ እሳት አቀጣጥዬ ውሃ ጣድኩለት። እስኪፈላ ፀሐይ ላይ ቆሞ ጠበቀ። ብርጭቆውን እስከ ታች አስጨረስኩት።