የጀሞው ባሕር

ሥራ በጀመርኩበት ቀን ባሕር አቃጠልኩ።

ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሥር ያለው ፎቶ ቤት ገና መከፈቱ ነበር። አለቃዬ ጋሽ ታደሰ ሦስት ትልልቅ የጀርባ ጨርቆች አሠርተዋል፤ አንዱ ባሕር፣ አንዱ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ የበረዶ ተራራ፣ አንዱ የፓሪስ የብረት ግንብ። ደንበኛው ከጨርቁ ፊት ይቆማል፣ እናነሣዋለን፣ በቃ አገር አይቶ ተመለሰ።

«ካሜራ እንዳትነኪ» አሉኝ። «መጀመሪያ ጨርቆቹን በካውያ ተኩሺ፤ መጨማደዳቸው በፎቶ ይታያል።»

ካውያውን ባሕሩ ላይ ረሳሁት። ሲሸተኝ ዘልዬ ባነሣው ከማዕበሉ በላይ ቡናማ ጠባሳ ቀርቷል። አለቀልኝ፣ ዛሬውኑ ተባረርኩ ብዬ ማልቀስ ጀመርኩ። ጋሽ ታደሰ ጠባሳውን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ቀለምና ብሩሽ አምጥተው ቀይ ጀልባ ሳሉበት። «ይቺ ጀልባ ከዛሬ ጀምሮ ያንቺ ናት» ብለው ሳቁብኝ።

ሙያውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ደንበኛው ከጨርቁ ሁለት ሜትር መራቅ አለበት፣ አለዚያ ጥላው ባሕሩ ላይ ይወድቃል። ለበረዶው የሚለበስ ወፍራም ጃኬት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ደረቱ ላይ አንድ ቁልፍ የለውም። መጨረሻ ላይ በኮምፒውተር የፎቶ ቤቱ ስም፣ ቦታውና ቀኑ ጥግ ላይ ይገባል። «ይሄ አይነካም» ይሉ ነበር።

ጡረታ ወጥተው ቤቱን ሲያስረክቡኝ ግን ነካሁት። ደንበኛው ሁሉ «ሰኒዬ፣ እቺን ጽሑፍ አጥፊልኝ፣ ፎቶዬን አበላሸችብኝ» ይለኛል። እኔ ደግሞ እምቢ ማለት የማላውቅ ሰው ነኝ። ምናለበት እያልኩ አጠፋለሁ።

ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ገቡ። ወይዘሮ ዘሀራ ይባላሉ፤ ሀና ማርያም አካባቢ በርበሬና ቅመም ይነግዳሉ። አዲስ ጋቢ አጥፈው ይዘዋል።

«ልጄ፣ ይቺን አሳድገሽ ፍሬም አድርጊልኝ» ብለው ስልካቸውን ዘረጉልኝ። «ነስሩ ነው፣ የመጨረሻ ልጄ። ባሕሩን ተሻገረልኝ፣ አልሐምዱሊላህ! አገሩ ግን እይው፣ በረዶ ብቻ። ይሄን ጋቢ የሚያደርስልኝ ሰው እየፈለግኩ ነው።»

አየሁት። የጃኬቱ ደረት ላይ አንድ ቁልፍ የለም።

ክው አልኩ። «ሌላም አለ?» አልኳቸው።

«መጀመሪያ የላከው ይኸው።»

ነስሩ ማዕበሉ አጠገብ ቆሟል። ከትከሻው በላይ ቀይ ጀልባ! በስመ አብ፣ የኔ ጀልባ!

ሦስተኛው ግንቡ ነበር። ለእሳቸው በየወሩ አንድ አንድ ነው የደረሳቸው። እኔ ግን ያን ጊዜ ትዝ አለኝ፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሸሚዝ እየቀያየረ ሦስቱንም የተነሣ ዝምተኛ ልጅ ነበር። ጽሑፉን አጥፊልኝ አለኝ፣ አጠፋሁለት።

«ድምፁንስ ሰምተዋል?»

«የድሮ ቁጥሩ ተዘግቷል፤ ኔትወርክ እምቢ አለኝ ብሎ ይጽፋል። የጎረቤት ልጅ ታነብልኛለች።»

ያኔ ክፉ ክፉው መጣብኝ። ፎቶውን ተነሥቶ ሄዶ፣ መንገድ ላይ አንድ ነገር ሆኖ፣ የሚጽፍላቸው ሌላ ሰው ቢሆንስ? ኮምፒውተሩ ላይ ፋይሉን ፈለግኩ።

«መቼ ነው የሸኙት?»

«ረመዳን ሊገባ ሲል። ሰፈሩ ሁሉ ተሰብስቦ ዱዓ አድርጎለት ነው የወጣው።»

ፋይሉ ላይ ያለው ቀን ከዒድ በኋላ ነው፤ ሄደ ከተባለ ከወር በኋላም እዚሁ ጀሞ ነበር ማለት ነው።

ዝም ብዬ ፎቶውን አሳድጌ ልሸኛቸው ፈልጌ ነበር፣ አልዋሽም። ጋቢውን ሳየው አላስቻለኝም። «እናቴ፣ እስቲ ይዩ» ብዬ ከላይ የተጠቀለለውን ጨርቅ ለቀቅኩት። ባሕሩ እስከ ወለሉ ተዘረጋ። ወይዘሮ ዘሀራ ተጠግተው ጀልባዋን በጣታቸው ነኳት።

«ያ ረቢ! ታዲያ ልጄ የት ነው? በሕይወት አለ?»

የትእዛዝ ደብተራችን ላይ የደንበኛ ስልክ ይጻፋል። ቁጥሩን አገኘሁት፣ ደወልኩ፣ ላውድ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

«ሄሎ?»

«ነስሩ!» አሉ እናቱ።

እሱ መልስ ሳይሰጥ ከወዲያ በኩል የታክሲ ረዳት ሲጮኽ ሰማን፤ «ጀሞ! ጀሞ! ጀሞ! ሁለት ሰው!»

ኧረ ጉድ! ለቡ ነው ያለው፣ ከዚህ አንድ ታክሲ! ከድንበር መልሰውት፣ ያን ሁሉ ዱዓ ያደረገልኝን ሰው በምን ዓይኔ አየዋለሁ ብሎ፣ ለቡ ሕንፃ ላይ ብረት ሲያስር ከርሟል። እያለቀሰ ነገራቸው።

ወይዘሮ ዘሀራ ጋቢያቸውን አንሥተው ወጡ። እኔ ወንበሬ ላይ ቀረሁ። ልጁን አልተቆጣሁትም፤ የተናደድኩት በራሴ ነው። አንዲት መስመር ባላጠፋ ኖሮ እኚህ ሴት ሦስት ወር ሙሉ ልጄን በረደው እያሉ አያድሩም ነበር።

በሳምንቱ ሁለቱም መጡ። ነስሩ ጫማው ሲሚንቶ ነው፣ ጋቢው ትከሻው ላይ ነው። ቀና ብሎ አላየኝም። ጨርቅ ላወርድ እጄን ስዘረጋ እናቱ ያዙኝ።

«ከኋላችን ምንም እንዳታደርጊ። ግድግዳው ይበቃናል» አሉኝ። «ጀሞ ብለሽ ደግሞ ጻፊበት፣ በትልቁ።»

ጻፍኩበት። ከዚያ ወዲህ ከፎቶ ቤቴ የሚወጣ ፎቶ ሁሉ ቦታውና ቀኑ አለበት። አጥፊልኝ ብሎ የሚቆጣ አለ፤ ይቆጣ። ፎቶ አንሺ ቦታና ቀን አያጠፋም።