በማርያም ቀን የተሸከምነው ገመድ

ተከዜን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ አንድም ቀን ወዶኝ አያውቅም። እኔም አልወደውም። ሰቆጣ ላይ ትንሽ ሱቅ አለኝ። ሳሙና፣ ጨው፣ የባትሪ ድንጋይና ኮንጎ ጫማ በአህያ ጭኜ ወደ ሰሃላ እሻገራለሁ፤ ከዚያ ፍየልና ማር ይዤ እመለሳለሁ። በበጋ ውሃው ከጭን አያልፍም፤ ሱሪህን አውልቀህ ተሸክመህ፣ ወንዙን እየሰደብህ ታልፋለህ። ክረምት ሲገባ ግን የሰደብከውን ሁሉ አስታውሶ ይጠብቅሃል። ያኔ ወይ የተነፋ የመኪና ካላማዳሪያ ታቅፈህ ነፍስህን ለእግዜር ትሰጣለህ፣ ወይ መስከረም እስኪጠባ ሱቅህ ውስጥ ተቀምጠህ ዝንብ ታባርራለህ።

እህቴ ያገባችው ማዶ፣ ሰሃላ ነው። በየክረምቱ እኔ በዚህ አፋፍ፣ እሷ በዚያ አፋፍ ሆነን እንጯጯኻለን። ከደህንነት ሌላ የሚጠየቅ ነገር የለም። በጩኸት ሐሜት አይሆንም፤ ሁለት አገር ይሰማዋል። አንድ ክረምት ልጇ ታሞ "መድኃኒት!" እያለች ስትጮህ፣ መድኃኒቱን በእጄ ይዤ ስመለከታት ዋልሁ። ልጁ በእግዚአብሔር ቸርነት ዳነ። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ከወንዙ ጋር ቂም ያዝሁ።

ስለዚህ ተንጠልጣይ ድልድይ ሊሠራ ነው ሲባል ከሁሉ ቀድሜ የወረድሁት እኔ ነኝ። ኢንጂነሩ ከሩቅ አገር የመጣ ቀጭን ልጅ ነው።

"ወንዙ ውስጥ ምንም አናቆምም" አለኝ። "በሁለቱም ዳር ማማ እናቆማለን፣ ከማማው ኋላ ገደሉ ውስጥ ኮንክሪት እንቀብራለን። ገመዱ ከዚህኛው ኮንክሪት ተነስቶ በማማዎቹ ላይ አልፎ ከዚያኛው ጋር ይታሰራል። መረማመጃው ከገመዱ ይንጠለጠላል።"

"እንደ ልብስ ማስጫ?"

"እንደ ልብስ ማስጫ። የምትሰጣው ግን አንተ ነህ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደድሁት።

በጋውን ሙሉ የሁለቱም ዳር ሰው ድንጋይና አሸዋ አቀረበ፤ ማማዎቹ ቆሙ፣ ኮንክሪቱ ደረቀ። የቀሩት ሁለቱ ዋና የብረት ገመዶች ነበሩ። እነሱም በሚያዝያ፣ በከባድ መኪና፣ ከጽጽቃ ከተማ ወዲያ መንገዱ እስከሚያልቅበት ድረስ መጡ። ከዚያ በታች ያለው የእግር መንገድ ነው፤ ፍየል እንኳ አስባ የምትወርደው ቁልቁለት።

ገመዶቹ በመጡ በማግሥቱ ከዞኑ መሥሪያ ቤት አንድ ኃላፊ ተከትሎ መጣ። ቁልቁለቱን ከላይ ሆኖ አየ።

"ይኼ በምን ይወርዳል? ክሬን አይገባ፣ መኪና አይገባ። መንገድ ላለው ወረዳ ይሰጥ ተብሎ ተወስኗል። መኪናው ነገ ከሰዓት ይመለሳል።"

"ሰው ይሸከመዋል" አልነው።

"ሰው!" ብሎ ሳቀና ለምሳ ወደ ጽጽቃ ሄደ።

ኢንጂነሩ ፊቱ አመድ መስሏል። "ቆርጠን በአህያ ብናወርደውስ?" አልሁት።

"የተቆረጠ ገመድ ገመድ አይደለም። ደግሞ ርዝመቱ ለዚህ ወንዝ ተለክቶ ነው የመጣው።"

ነጋዴነቴ የሠራው እዚህ ላይ ነው። "ሁለቱን ማውረድ የለብንም" አልሁት። "አንዱን ብቻ ነገ እናውርድ። አንድ እግር ጫማ ከተሸጠ ሌላውን እግር ማን ይገዛል? የቀረውን ገመድ የትም ወረዳ አይፈልገውም።"

ኢንጂነሩ ዞር ብሎ ገመዶቹን አየና፣ "እኔ ምንም አልሰማሁም። ግን ስትሸከሙ ሳይታጠፍና መሬት ሳይጎተት ይሁን" አለ።

አንድ ችግር ብቻ ቀረ። ነገ ሃያ አንድ ነው፤ ማርያም። በዋግ በማርያም ቀን ሞፈር ያነሳ ሰው ከጎረቤቱ ጋር አይኖርም። ዝናብ የቀረ እንደሆነ በሱ ነው የሚመካኘው። እኛ ደግሞ ዝናብ የሚቀርብን ያለምክንያትም ነው።

ወደ ደብሩ አስተዳዳሪ ሄድሁ። ሽማግሌ ቄስ ናቸው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። መስቀል ተሳለምሁ።

"አባ፣ ነገ ገመዱን እንድናወርድ ይፍቀዱልን።"

"ነገ ምንድን ነው?"

"ማርያም።"

"ካወቅህ ምን ትጠይቀኛለህ? ዝናብ ቢጠፋ አንተ ሰቆጣ ገብተህ ሱቅህን ትዘጋለህ። የሚወገረው እዚህ ያለው ነው።"

ዝናቡ ትንሽ ቢዘገይ ለድልድዩ ደግ ነው ልል ነበር፤ ፊታቸውን አይቼ ዋጥሁት።

"አባ፣ በማርያም ቀን ሰው ቢሞትስ?"

"ይቀበራል።"

"የተሸከመው ሰው በዓል ሻረ ይባላል?"

"ሬሳ መሸከም ሥራ አይደለም፣ ጽድቅ ነው። አንተ ነጋዴ፣ ወዴት እየነዳኸኝ ነው?"

"ወንዝ ዳር።"

በመቋሚያቸው መሬቱን ይጭሩ ጀመር። ባለፈው ክረምት ለቅዳሴ ከማዶ ሲመጣ የነበረ ዲያቆናቸውን ተከዜ ወስዶታል። ቅሬው፣ ማለት ቀብር የሚያነሳው የአገሩ ማኅበር፣ ቃሬዛ ይዞ ወንዙን ተከትሎ ወረደ። ያገኘው ግን ድንጋይ ላይ ተይዞ የቀረ ነጠላውን ብቻ ነው። ልቅሶው በነጠላው ላይ ተደረገ፤ ቃሬዛው ባዶውን ተመለሰ።

"ያን ልጅ አልተሸከምነውም" አሉ ቄሱ። "ነገ ከቅዳሴ በኋላ ቅሬው ይነሳ። ግን እንደ ቅሬ ይሁን። ዘፈን የለም፣ ሆታ የለም። ስለ አበል የሚያነሳ አፍ እንዳልሰማ!"

ቅሬ ተነሳ ከተባለ ቤት የሚቀር የለም። የቀረ ሰው የራሱ ቤት ሞት ሲመጣ ብቻውን ይቆፍራል። እንደዚህ ሕግ ያለ ፖሊስ የትም አላየሁም። ማርያም ዕለት ከቅዳሴ ወጥተን መኪናው ጋ ስንደርስ ተራራው በነጠላ ነጭ ሆኖ ነበር። የመኪናው ሹፌር ጎማ ሥር ተኝቶ ነበር፤ ዓይኑን ከፈት አደረገና መልሶ ጨፈነ። ብልህ ሰው ነው።

ኢንጂነሩ ጥቅሉን እያስፈታ አንዱን ሰው ከሌላው በክንድ ርቀት አሰለፈን። "አንዱ ከጣለ ክብደቱ ጎረቤቱን ይሰብረዋል!" እያለ ይሮጣል።

"አንተ ልጅ፣ እኛ ሬሳ ጥለን እናውቃለን?" አሉት አንድ አዛውንት።

እውነታቸውን ነው። የቅሬ ሰው ከተሸካሚው ሥር ገብቶ ትከሻ ይቀይራል እንጂ የተሸከመውን መንገድ ላይ አያወርድም። ገመዱ ጋቢ በታጠፈበት ትከሻ ሁሉ ላይ ተጋደመና ተንቀሳቀስን። እኔ መሐል ላይ ነበርሁ። ከፊቴም ከኋላዬም ረጃጅም ገበሬዎች ስለገጠሙኝ ገመዱ ከትከሻዬ በላይ ያልፋል። ማቃሰቱን ግን ከማንም ባላነሰ አቃሰትሁ።

የቤተ ክርስቲያኑ መገንጠያ ላይ ስንደርስ ጉድ ፈላ። ወንዙ በቀኝ ነው፤ ደብሩ በግራ። ፊት ያሉት ዕድሜያቸውን በሙሉ ሬሳ ሲሸከሙ የኖሩ ናቸው። በቅሬ የተነሳ ነገር የት እንደሚሄድ እግራቸው ያውቃል። ወደ ግራ ታጠፉ።

"በቀኝ! በቀኝ!" ይላል ኢንጂነሩ።

ቃሉ ከሰው ወደ ሰው በአገሩ ቋንቋ በኽምጣኛ እየተቀባበለ ፊት እስኪደርስ፣ የገመዱ ራስ የደብሩን በር አልፎ ገብቷል።

"ወደ ኋላ በሏቸው!"

"እባብ ወደ ኋላ ሲሄድ አይተሃል?" አለው ከኋላዬ ያለው ገበሬ።

መመለስ የለም፤ መጣልም የለም። ቤተ ክርስቲያኑን ዞሮ በታችኛው በር መውጣት ብቻ ነው። ኢንጂነሩ ራሱን ይዞ፣ "እሺ ዙሩ! ብቻ ሰፋ አድርጋችሁ!" አለ። ሰፋ አድርገን ዞርን። ግቢ ውስጥ የነበሩት ሴቶች የሆነውን ሳያውቁ እልል አሉ። ቄሱ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ማልቀሳቸው ይሁን መሳቃቸው እስካሁን አልጠየቅሁም።

ኃላፊው ያገኘን በታችኛው በር ስንወጣ ነው። እድሌ ሆኖ ፊት ለፊቱ የደረስሁት እኔ ነኝ።

"ምንድን ነው ይኼ?"

"ቅሬ ነው ጌታዬ።"

"ማን ሞቶ?"

"ዲያቆን። አምና።"

"አውርዱት!"

"ቅሬ የተነሳበት ነገር መንገድ ላይ አይወርድም።"

"እኔ ነኝ የማዝህ!" አለ፤ ሰልፉ ስለማይቆም ግን ትእዛዙን ለእኔ ጀምሮ የጨረሰው ከኋላዬ ላለው ሰው ነው። እሱ ደግሞ የሚመልሰው በኽምጣኛ ብቻ ሆነ፤ ትናንት ገበያ ላይ በአማርኛ ሲከራከረኝ የዋለ ሰው!

ውሃ የያዘች አንዲት ሴት ወደ ኃላፊው ጠጋ አለች። "ይወርዳል ካሉ እርስዎ ትከሻዎን ያስገቡና ያውርዱት። ቦታ አለ።"

ትከሻውን አላስገባም። ከኋላችን ግን ተከተለን፤ እየጮኸ፣ ኋላም እየተንሸራተተ፣ ኋላም የአንዱን ሽማግሌ ክንድ ይዞ። ቁልቁለቱን እንዴት እንደወረድን ጉልበቴ ነው የሚያውቀው። ማንም አልጣለም።

ወንዝ ዳር ስንደርስ ማዶው በሰው ተሞልቷል። ሁለት ጎረምሶች የጠፍር ገመድ ይዘው ተሻገሩ፤ የብረቱ ጫፍ ታሰረበትና ማዶዎቹ መሳብ ጀመሩ። ኢንጂነሩ ድንጋይ እንዳይልጠው ከሥሩ ግንድ እያስነጠፈ ውሃ ውስጥ ይንቦጫረቃል። የገመዱ ራስ ማዶ ወጣ፤ ጭራው በትከሻችን ላይ ቀረ።

ኃላፊው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ትንፋሹን ሰበሰበ። "ይኼ ገመድ ይመለሳል!" ብሎ ጮኸ።

ጩኸቱ ገደሉን መትቶ ነው መሰል ማዶ ተሰማ። ከሳቢዎቹ መሐል እህቴ ቀና አለች። ጉሮሮዋ ክረምት ያሠለጠነው ነው፤ የውሃ ድምፅ በሌለበት በበጋማ ምን ያቅታታል።

"ራሱ እኛ ጋ ነው! የፈለገው ተሻግሮ ይውሰድ!"

ከማዶ ሳቅ ተነሳ፣ ከወዲህም ተቀበለ። ኃላፊው ወንዙን አየ፣ ሰውን አየ፣ ከዚያ የመጣበትን ዳገት ቀና ብሎ አየ። ተከትሎን የወረደው ሹፌር ከኋላው ቆሞ ጥርሱን በመፋቂያ ይፍቃል።

"መኪናው ላይ የቀረውን ገመድ እንግዲህ ላራግፈው?" አለ ሹፌሩ።

ኃላፊው ለዳገቱ የሚይዘው የሽማግሌ ክንድ ይፈልግ ጀመር። ሹፌሩም ብዙ አልጠበቀ፤ መፋቂያውን ኪሱ ከትቶ ሊያራግፍ ዳገቱን ጀመረ።